የዊንዶውስ ፕሮግራሞች በሌላ ስርዓተ ክወና ላይ እንዴት ይሠራሉ?

በቡር ዱባይ ኻሊድ ቢን አል ወሊድ ጎዳና ዙሪያ የሚገኙ የኮምፒውተር መደብሮች ልዩ ልዩ ዓይነት ላፕቶፖችን ለገበያ ያቀርባሉ። ለራሱም ሆነ ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚገዛ ሰው ከዋጋው ባሻገር ሊያጤነው የሚገባ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ላፕቶፑ የሚሠራበት ስርዓተ ክወና ነው። ለአብነት ፓወር ግዕዝ የተሰኘው የአማርኛ መጻፊያ የተሠራው ለዊንዶውስ በመሆኑ በማክ ወይም በሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይጫንም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ፕሮግራም ፋይል ለመክፈት ወይም ጽሑፍ ለማተም ሲፈልግ ስርዓተ ክወናውን ይጠይቃል። ዊንዶውስ፣ ማክ እና ሊኑክስ ደግሞ ይህን ጥያቄ የሚቀበሉበት መንገድ የተለያየ ነው።

ለችግሩ ሁለት ዋና ዋና መፍትሔዎች አሉ። የመጀመሪያው ዋይን የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ነው። ሥራው እ.ኤ.አ በ1993 ተጀምሮ 1.0 የተሰኘው እትሙ በ2008 ይፋ ሆኗል። ዋይን እንደ አስተርጓሚ የፕሮግራሙን ጥያቄ ሊኑክስ ወይም ማክ ወደሚረዳው ይለውጣል፤ የዊንዶውስ ፈቃድ መግዛትም አያስፈልግም። ይሁንና ሁሉም ፕሮግራም አይሠራበትም። የቁልፍ ሰሌዳን ምት እየተቀበሉ ፊደል የሚለውጡ ፕሮግራሞች በዋይን ቢከፈቱም፣ ከዋይን ውጪ ባሉ ፕሮግራሞች ላይ ለመጻፍ አያገለግሉም።

ሁለተኛው ቨርቹዋል ማሽን ሲሆን፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንደመፍጠር ነው። ሙሉ ዊንዶውስ ስለሚጫንበት ብዙ ፕሮግራሞችን ያስኬዳል፤ በአንጻሩ ፈቃድና ሰፊ ማህደረ ትውስታ ይጠይቃል። አፕል እ.ኤ.አ ከ2020 ጀምሮ በራሱ ቺፕ የሠራቸው ማኮች ደግሞ፣ እንደ ቀደሙት የኢንቴል ማኮች ዊንዶውስን ቡት ካምፕ በተሰኘው መንገድ ጎን ለጎን አይጭኑም።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ከፕሮግራሙ ይልቅ አሳሳቢው ሰነዱ ነው። በቀድሞ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች የግዕዝ ፊደላትን በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ያስቀመጡ በመሆናቸው፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ይታያሉ። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ በ1999 የግዕዝ ፊደላትን ካካተተ ወዲህ ግን በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ በየትኛውም ዘመናዊ ስርዓተ ክወና ይነበባል። የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳም አሁን ከስርዓተ ክወናዎቹ ጋር አብሮ ይመጣል።

በመሆኑም አሮጌው ኮምፒውተር ከመሸጡ ወይም ከመበላሸቱ በፊት የቤተሰብና የሥራ ሰነዶችን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ አዲሱን ከመግዛት በፊት ደግሞ የሚያስፈልገው ፕሮግራም እንደሚሠራበት ማረጋገጥ ይገባል።