ተጨማሪ መረጃ፦ ከግራም ከቀኝም የሚነሳ ማውጫ

ጅቡቲ ከተማ፣ ከሐሙዲ መስጊድ አቅራቢያ ባለው ማዕከላዊ ገበያ ለሚገኝ ሱቅ ድረ ገጽ ትሠራላችሁ እንበል። የአገሪቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው፤ አንዱ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ ይነበባል። ስለዚህ የማውጫው አሞሌ በዓረብኛው ገጽ ላይ በመስተዋት እንደታየ ይገለበጣል፤ አርማው ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ የዝርዝሩም ቅደም ተከተል ከቀኝ ይጀምራል። በሲኤስኤስ ክፍተቶችን «ግራ» እና «ቀኝ» እያሉ ከመወሰን ይልቅ «የመስመር መነሻ» እና «የመስመር መድረሻ» በሚሉት ባሕርያት መወሰን አብዛኛውን ሥራ ያቃልላል። ለኢትዮጵያውያን ደንበኞች አማርኛ ቢጨመር እንደ ፈረንሳይኛው ከግራ ይነሳል።

በስልክ ላይ ዝርዝሩ በሦስት አግድም መስመሮች ምልክት ሥር ይታጠፋል። (ምልክቱን ኖርም ኮክስ የነደፈው ለዜሮክስ ስታር ኮምፒውተር ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ገበያ ላይ የዋለው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው።) ሲከፈት የሚታየው እንቅስቃሴ ከ200 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ቢቆይ ይበቃል፤ ከዚያ ከረዘመ ጌጥነቱ ቀርቶ ደንበኛን ማስጠበቅ ይሆናል። ብዙ ሠሪዎች የሚረሱት ግን ሌላ ነው፦ በ«ትራንስፎርም» የተሠራ የጎን መንሸራተት ከጽሑፉ ጋር አብሮ አይገለበጥም፤ ለዓረብኛው ለብቻው መጻፍ አለበት። በስልካቸው ቅንብር «እንቅስቃሴ ይቀነስ» ብለው ለመረጡ ተጠቃሚዎች ደግሞ ጨርሳችሁ አጥፉት።