ያረጀውን የመፀዳጃ ጉድጓድ ስለ ማሻሻል

የአዲስ አበባ ፍሳሽ ከፊሉ ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ ይወርዳል። እንደ አረቅጥ ባለች ትንሽ ከተማ ግን ማጣሪያው የየቤቱ መፀዳጃ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ ሲሞላ ዝቃጩን አውጥቶ ወዲያው እንሰት ሥር መድፋት አደገኛ ነው። ቆጮው በእሳት ቢበስልም የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ሳይሞት ስለሚቆይ፣ በሚተክሉና በሚፍቁ ሰዎች እጅ ወደ ቤት ይገባል።

ስለዚህ ከአሮጌው ጎን ሁለተኛ ጉድጓድ እንዲቆፈር እንመክራለን። የሞላው በአፈር ተደፍኖ ይቆያል፤ በአዲሱ መጠቀም ይቀጥላል። የዓለም የጤና ድርጅት የ2006 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ፣ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚበልጥ ቦታ ከ1 ዓመት በላይ፣ ከዚያ በሚያንስ ቦታ ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት እንዲቆይ ያሳስባል። አረቅጥ ደጋ ስለሆነች የቆላው ልክ አይሠራላትም፤ 2 ዓመት ሙሉ መጠበቅ ይሻላል። በመካከሉ ትኩስ ዓይነ ምድር ከተጨመረበት ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

በብርድ አገር ከዚያም በኋላ ጥቂት እንቁላል ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ የወጣው ማዳበሪያ ለእንሰት ብቻ ይዋል፤ በአፈር ይቀበር፤ ጥሬውን ለሚበላ አትክልት አይሰጥ። አዲሱ ጉድጓድ ከምንጭ በታች በኩል፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቆፈር። ቆጮ ከሚቀበርበት ጉድጓድም ይራቅ።