ሰውን የሚጠብቀው ብሬከር

ቆየት ባለ የአዲስ አበባ አፓርታማ ውስጥ የሚኖር ሰው የድሮው ቫልቮላ ተነቅሎ ብሬከር ሲገባለት እፎይ ይላል። ብሬከሩ በእርግጥ ሥራ አለው፤ መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ወይም ሾርት ሲፈጠር ኃይሉን ቆርጦ ሽቦው ግሎ እንዳይቃጠል ያደርጋል። የሚጠብቀው ግን ሽቦውን ነው። ሰው ሲነዘር አብዛኛውን ጊዜ አይወርድም።

ስሌቱ ቀላል ነው። የተለመደው የሶኬት ብሬከር 16 አምፔር፣ ማለትም 16,000 ሚሊ አምፔር ነው። እጁ እርጥብ የሆነና በባዶ እግሩ ሲሚንቶ ላይ የቆመ ሰው የሰውነቱ የመቋቋም አቅም ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። በ220 ቮልት በሰውነቱ የሚያልፈው 220 ሚሊ አምፔር ይሆናል ማለት ነው። ይህ ለብሬከሩ አንድ የ50 ዋት አምፖል ከመብራቱ አይለይም፤ የልብን ምት አዛብቶ ለመግደል ግን ይበቃል።

በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ቻርልስ ዳልዚል፣ ሰው የያዘውን ሽቦ መልቀቅ የሚያቅተው በሰውነቱ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ስንት ላይ ሲደርስ እንደሆነ በፈቃደኞች ላይ ለክተዋል። ለወንዶች በአማካይ 16፣ ለሴቶች 10.5 ሚሊ አምፔር ገደማ ነበር። በ1961 እ.ኤ.አ. ይህን ያህል ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ለይቶ ኃይል የሚቆርጥ መሣሪያ ሠሩ። በእኛ ዓይነት መስመር ላይ የሚገጠመው ዘመዱ አርሲዲ ይባላል።

አርሲዲ የሚሠራው ሂሳብ በማወራረድ ነው። ኃይል የሚያመጣው ፌዝና የሚመልሰው ኑትራል አብረው በአንድ የብረት ቀለበት ውስጥ ያልፋሉ። በፌዝ የሄደው ሁሉ በኑትራል ከተመለሰ የሁለቱ መግነጢሳዊ ኃይል ይጣፋል። ከፊሉ በሰው አካል በኩል ወደ መሬት ከፈሰሰ ግን ሚዛኑ ይዛባል፤ ቀለበቱ ላይ የተጠመጠመችው ቀጭን ሽቦ ልዩነቱን ታውቃለች፣ መስመሩም ይቆረጣል። ሰው ለመጠበቅ የሚመረጠው የ30 ሚሊ አምፔሩ ነው፤ ቀደም ብለን ባሰላነው 220 ላይ በ0.04 ሰከንድ ውስጥ መቁረጥ ይጠበቅበታል።

ለአሮጌ ቤት ትልቁ የምሥራች፣ አርሲዲ ለመሥራት የግራውንድ ሽቦ አለመፈለጉ ነው። በብዙ የቆዩ ቤቶች ሶኬቱ ለግራውንድ የተሠራ ቢሆንም ከግድግዳው የሚወጣው ሽቦ ሁለት ብቻ ነው። ያም ሆኖ ልዩነት አለ፤ ግራውንድ ካለ የኤሌክትሪክ ምጣዱ አካል ኃይል እንደያዘ ገና ሰው ሳይነካው መስመሩ ይቆረጣል፣ ከሌለ ግን ፍሳሹ መንገድ የሚያገኘው ሰው ሲነካው ነው። ይነዝረዋል፣ ከዚያ ይቆርጣል። ስለዚህ አቅም የፈቀደለት የግራውንድ ሽቦ ቢያስዘረጋ ይሻላል። ግራውንድ ጠፋ ብሎ የሶኬቱን የግራውንድ ጫፍ ከኑትራል ጋር ማገናኘት ግን ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ኑትራሉ አንድ ቦታ ከተበጠሰ የፍሪጁ በር ራሱ 220 ቮልት ይሸከማል። ለግራውንድ በውኃ ቧንቧ መተማመንም አይቻልም፤ ብረቱ በፕላስቲክ የተቀየረበት ቦታ ላይ መንገዱ ተቋርጧል።

አዲሱ አርሲዲ በተገጠመ ማግስት እየወረደ ቢያስቸግር፣ «ይህ አይሆንም» ብሎ መሣሪያውን የሚነቅለውን ባለሙያ አይስሙት። በድሮ ዝርጋታ የሁለት ክፍል ኑትራል መቀላቀሉ የተለመደ ነው፤ እርጥበት የገባው ምጣድ ወይም የውኃ ማሞቂያም ያፈሳል። ዕቃዎቹን ሁሉ ነቅሎ አንድ በአንድ እየሰኩ ጥፋተኛውን ዕቃ ማግኘት ይቻላል።

አርሲዲ ብቻውን ከመጠን ያለፈ ጭነትን ስለማይቆጣጠር ከብሬከር ጋር አብሮ መግባት አለበት፤ ሁለቱን በአንድ የያዘም አለ። የመሞከሪያ ቁልፉን አልፎ አልፎ ይጫኑት፣ ካልወረደ ይቀየር። ደግሞም በአንድ እጅ ፌዝ በሌላው ኑትራል ለያዘ ሰው አይደርስለትም፤ የሄደው ሁሉ በሰውየው በኩል ስለሚመለስ ለመሣሪያው ሂሳቡ የተስተካከለ ነው። ሶኬት ከመፍታት በፊት ዋናውን ማጥፋት አሁንም ግዴታ ነው።