የሚወገዝ ግን የማይቆም ሰፈራ፦ ምዕራባውያን ወዳጆች ከቃል የማያልፉት ለምንድን ነው?

በኦገስት 2025 የእስራኤል መንግሥት ከኢየሩሳሌም በስተምሥራቅ ኢ-1 በሚባለው ኮረብታማ መሬት ላይ 3,400 ገደማ መኖሪያ ቤቶች እንዲሠሩ አጸደቀ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዕቅዱ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የነበረ ነው። በየጊዜው ሲነሣ ዋሽንግተንና የአውሮፓ መንግሥታት እየተቃወሙት ወደ መሳቢያው ይመለስ ነበር። ቦታው ከተገነባ ማአሌ አዱሚም የተባለው ትልቅ የሰፈራ ከተማ ከኢየሩሳሌም ጋር ይገጥማል፤ በሰሜን ራማላ፣ በደቡብ ቤተልሔም ያሉበት የዌስት ባንክ መሬት ደግሞ ወገቡ ላይ ይቆረጣል። የገንዘብ ሚኒስትሩ ቤዛሌል ስሞትሪች ዕቅዱ የፍልስጤም መንግሥት የሚባለውን ሐሳብ እንደሚቀብር በይፋ ተናገሩ። ከአንድ ወር በኋላ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ፖርቱጋል በአንድ ቀን፣ ፈረንሳይ ደግሞ በማግስቱ፣ ለዚያው መንግሥት ዕውቅና ሰጡ።

አንደኛው ውሳኔ በወረቀት አገር ሰጠ፤ ሌላኛው አገሩ የሚቆምበትን መሬት ወሰደ። በእስራኤልና በምዕራባውያን ወዳጆቿ መካከል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዘለቀው ክርክር በእነዚህ ሁለት ውሳኔዎች ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል። ሰፈራው ሕጋዊ አይደለም በሚለው ላይ አብዛኞቹ ምዕራባውያን መንግሥታት ድሮም ተስማምተዋል። ያልተስማሙት ይህን ማለት እስራኤልን ምን ያስከፍላት በሚለው ላይ ነው።

ከ1967 የተጀመረ ጥያቄ

በጁን 1967 በስድስት ቀን ጦርነት እስራኤል ዌስት ባንክንና ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ከዮርዳኖስ፣ ጋዛንና ሲናን ከግብፅ፣ የጎላን ኮረብታዎችን ከሶርያ ያዘች። በኖቬምበር የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 242ን አሳለፈ። ውሳኔው መሬትን በጦርነት መውሰድ ተቀባይነት የለውም ሲል፣ በአካባቢው ያለ እያንዳንዱ መንግሥት በሰላም የመኖር መብት እንዳለውም ያጸናል። እስከ ዛሬ የቀጠለው መሬትን በሰላም የመለወጥ ሐሳብ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

ከውሳኔው ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 1967፣ የእስራኤል ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሕግ አማካሪ ቴዎዶር ሜሮን ሲቪሎችን በተያዘው መሬት ማስፈር አራተኛውን የጄኔቫ ስምምነት እንደሚጥስ ጽፈው ለመንግሥታቸው በምሥጢር አቀረቡ። የስምምነቱ አንቀጽ 49 ወራሪ ኃይል የራሱን ሕዝብ ወደያዘው መሬት እንዳያዛውር ይከለክላል። በዚያው ወር ማብቂያ ላይ፣ በ1948 ጦርነት የወደመችው ከፋር ኤጽዮን የመጀመሪያዋ የዌስት ባንክ ሰፈራ ሆና እንደገና ተመሠረተች።

የእስራኤል መንግሥታት ለዚህ የሚሰጡት መልስ አላቸው። ዮርዳኖስ ዌስት ባንክን የያዘችው በጦርነት ነበር፣ ግዛትነቱንም ያወቁላት ጥቂት አገሮች ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ መሬቱ ባለቤት ያለውና የተወረረ ሳይሆን አወዛጋቢ መሬት ነው ይላሉ። ከዚህ ጋር የሃይማኖትና የታሪክ ክርክር ይመጣል፤ ሰፋሪዎች ይሁዳና ሰማርያ ብለው የሚጠሩት አገር የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የተፈጸመበት ነው። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ግን በ2004ም ሆነ በ2024 በሰጣቸው አማካሪ አስተያየቶች ይህን የሕግ ክርክር አልተቀበለውም።

መሬት ላይ ያለው አሠራር የተቀረጸው በኦስሎ ስምምነት ነው። የ1995ቱ ሁለተኛ ስምምነት ዌስት ባንክን ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ ለሦስት ከፈለው። በኤ ውስጥ የፍልስጤም አስተዳደር ጸጥታውንም አገልግሎቱንም ይይዛል፤ በቢ አገልግሎቱን ብቻ። 60 በመቶ የሚሆነው ሲ ሙሉ በሙሉ በእስራኤል እጅ ነው። ክፍፍሉ የመጨረሻ ስምምነት እስኪደረስ ለአምስት ዓመት ብቻ እንዲቆይ ታስቦ ነበር፤ ዛሬም አለ። በክልል ሲ አንድ ፍልስጤማዊ በገዛ መሬቱ ላይ ክፍል ለመጨመር ከእስራኤል ወታደራዊ አስተዳደር ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ማመልከቻው በአብዛኛው ውድቅ ይሆናል። ከማዶ ያለው ሰፋሪ በእስራኤል ሲቪል ሕግ ሲተዳደር እሱ ቢከሰስ የሚቀርበው ለወታደራዊ ፍርድ ቤት ነው። በኦስሎ ፊርማ ጊዜ ከምሥራቅ ኢየሩሳሌም ውጪ 110,000 ገደማ የነበሩት ሰፋሪዎች ዛሬ ግማሽ ሚሊዮን አልፈዋል።

ዋሽንግተን ጨክና ስታውቅ

አሜሪካ እስራኤልን መጫን አትችልም የሚለው አባባል ከታሪክ ጋር አይገጥምም። በ1956 እስራኤል ከብሪታንያና ከፈረንሳይ ጋር ተባብራ ግብፅን ስትወጋ፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በማዕቀብ አስፈራርተው በማርች 1957 ከሲናና ከጋዛ አስወጥተዋታል።

ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የ1991 ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት ከሶቭየት ኅብረት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ አይሁዳውያን ወደ እስራኤል ይጎርፉ ነበር። በሜይ ወርም በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ለዚህ የሰለሞን ዘመቻ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ነበሩ፤ የቀድሞውን ሴናተር ሩዲ ቦሽዊትዝን መልእክተኛ አድርገው ወደ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ልከው ነበር።

እኚሁ ፕሬዚዳንት ከአራት ወር በኋላ ከኢየሩሳሌም ጋር ተፋጠጡ። የይስሐቅ ሻሚር መንግሥት ለስደተኞቹ ማስፈሪያ የ10 ቢሊዮን ዶላር የብድር ዋስትና ጠየቀ። የተጠየቀው በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ አልነበረም፤ አሜሪካ ዋስ ሆና እስራኤል ከባንኮች በአነስተኛ ወለድ እንድትበደር ነው። ቡሽ ገንዘቡ ሰፈራ እንዳያስፋፋ ማረጋገጫ ስለፈለጉ ኮንግረሱ ጉዳዩን ለ120 ቀን እንዲያዘገይ ጠየቁ። የእስራኤል ደጋፊዎች ምክር ቤቱን አጥለቀለቁት፤ ፕሬዚዳንቱ ግን አልተበገሩም። በጁን 1992 ሻሚር በምርጫ ተሸነፉ፤ ይስሐቅ ራቢን አዲስ ሰፈራ እንደማይጀምሩ ቃል ገብተው ሥልጣን ያዙ፤ ዋስትናውም ተሰጠ። ለሰፈራ የወጣው ወጪ ከዋስትናው ላይ እንዲቀነስ ተደረገ።

ከዚህ ታሪክ ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን ትምህርት ወስደዋል። ጫናን የሚደግፉት ወዳጅነቱ ሳይፈርስ የመንግሥት ፖሊሲ ተቀየረ ይላሉ። የሚቃወሙት ደግሞ ቡሽ በኖቬምበር 1992 በምርጫ መሸነፋቸውን ያስታውሳሉ፤ የሽንፈቱ ዋና ምክንያት ኢኮኖሚው ቢሆንም የአሜሪካ ፖለቲከኞች ሁኔታውን ልብ ብለውታል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ነገር አለ፦ የተጀመሩት ግንባታዎች በራቢን ጊዜም ስላልቆሙ የሰፋሪው ቁጥር ማደጉን ቀጠለ።

ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ አቋም ከፕሬዚዳንት ፕሬዚዳንት ሲገለባበጥ ኖሯል። የካርተር መንግሥት የሕግ አማካሪ በ1978 ሰፈራው ከዓለም አቀፍ ሕግ ጋር አይጣጣምም አለ፤ ሬገን ሕገወጥ አይደለም አሉ። ኦባማ በ2011 በጸጥታው ምክር ቤት ሰፈራን የሚያወግዝ የውሳኔ ሐሳብ በድምፅ ሻሩ፤ በዲሴምበር 2016፣ ሥልጣን ሊለቁ ሳምንታት ሲቀራቸው፣ ተመሳሳዩ ሐሳብ ውሳኔ 2334 ሆኖ በ14 ድምፅ ሲያልፍ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። የትራምፕ መንግሥት በ2019 የ1978ቱን አቋም ሻረ፤ የባይደን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ብሊንከን በ2024 መለሱት። ባይደን ፍልስጤማውያንን በሚያጠቁ ሰፋሪዎች ላይ የጣሉትን ማዕቀብ ትራምፕ በተመለሱበት ቀን አነሡት።

በእነዚህ መገለባበጦች ሁሉ ያልተነካው የጦር መሣሪያው እርዳታ ነው። በ2016 በኦባማ ዘመን የተፈረመው ስምምነት ከ2019 እስከ 2028 ድረስ 38 ቢሊዮን ዶላር ይሰጣል፤ በየዓመቱ 3.3 ቢሊዮን ለጦር መሣሪያ፣ 500 ሚሊዮን ለሚሳይል መከላከያ። በጸጥታው ምክር ቤትም ዋሽንግተን ከ1972 ጀምሮ እስራኤልን የሚነኩ ውሳኔዎችን ከ40 ጊዜ በላይ በድምፅ ሽሯለች።

በሐምቡርግ ጉምሩክ የቆመው ዕቃ

አውሮፓ የያዘችው መሣሪያ ንግድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የእስራኤል ትልቁ የንግድ ሸሪክ ነው፤ በ2000 ሥራ ላይ የዋለው የትብብር ስምምነትም የእስራኤል የኢንዱስትሪ ምርቶች ያለ ቀረጥ እንዲገቡ ይፈቅዳል። ጥያቄው በሰፈራ ውስጥ የተመረተ ዕቃ የእስራኤል ምርት ነው ወይ የሚለው ነው።

ብሪታ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ውኃ ላይ ጋዝ የሚጨምሩ የቤት መሣሪያዎችንና ሲሮፕ ያስመጣ ነበር። ዕቃዎቹ የሚመረቱት በሚሾር አዱሚም የኢንዱስትሪ መንደር፣ ማለትም ዛሬ በሚያወዛግበው የኢ-1 መሬት አካባቢ ነው። የሐምቡርግ ወደብ ጉምሩክ ዕቃው ከዌስት ባንክ እንጂ ከእስራኤል አልመጣም ብሎ ቀረጥ ጠየቀ። ክርክሩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በፌብሩዋሪ 2010 ለጉምሩኩ ፈረደ። በ2019 ደግሞ የሰፈራ ወይን ጠርሙስ ከሰፈራ መምጣቱ በምልክቱ ላይ እንዲጻፍ ወሰነ።

አውሮፓ በዚህ ዓይነት እስራኤልን ከሰፈራዎቿ ለይታ ታያለች፤ አንዱን እንደ ወዳጅ ትይዛለች፣ ሌላውን አታውቅም። ነገር ግን ሰፈራውን የሚያቅደው፣ መንገዱን የሚያነጥፈውና ወታደሩን የሚያቆመው ያው ወዳጅ መንግሥት ነው። የትብብር ስምምነቱን ማገድ ደግሞ በአባል አገሮቹ መካከል ስምምነት ይፈልጋል፤ አገሮቹም የተለያየ ታሪክ አላቸው። ጀርመን ናዚዎች በአይሁዳውያን ላይ ከፈጸሙት እልቂት በኋላ በ1952 ለእስራኤል ካሳ ለመክፈል ከፈረመች ወዲህ የእስራኤልን ደኅንነት ከራሷ የመንግሥት ኃላፊነት ለይታ አታየውም። አየርላንድና ስፔን የፍልስጤምን ጉዳይ የሚያዩት በሌላ ዓይን ነው።

የሁለቱ ወገኖች ክርክር

ጫናን የሚቃወሙት አስቀድመው የሚያነሡት 2005ን ነው። በዚያ ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር አርየል ሻሮን 8,000 ገደማ ሰፋሪዎችን ከጋዛ አስወጡ፤ በ2006 ሐማስ ምርጫ አሸነፈ፣ በ2007 ጋዛን ተቆጣጠረ፣ ሮኬቱም ቀጠለ። ዌስት ባንክ ደግሞ ቴል አቪቭንና ዋናውን አውሮፕላን ማረፊያ ቁልቁል ያያል። ኢራን በኤፕሪል 2024 ከ300 በላይ ድሮንና ሚሳይል ስትለቅ አሜሪካ፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ አብረው ማክሸፋቸውንም የወዳጅነቱ ዋጋ ማሳያ አድርገው ያቀርባሉ።

ጫናን የሚደግፉት በተራቸው ሰፈራ ለጸጥታ ሸክም እንጂ ጋሻ አይደለም ይላሉ፤ ኮረብታ ላይ ያሉ ቤተሰቦችን ለመጠበቅ ጦር መበተን ያስፈልጋልና። ከዚህ በላይ ግን የሚያነሡት የአድልዎን ጥያቄ ነው። ሩስያ የዩክሬንን መሬት ስትይዝ ማዕቀብ የደረደሩ መንግሥታት እዚህ ላይ መግለጫ ብቻ ያወጣሉ ሲሉ ይከሳሉ። ቢጼለም የተባለው የእስራኤል የመብት ድርጅት በ2021 ሥርዓቱን አፓርታይድ ብሎታል፤ እስራኤል ስያሜውን አጥብቃ ትቃወማለች። በራማላ ያለው አስተዳደር ከ2006 ወዲህ የምክር ቤት ምርጫ አለማድረጉም የፍልስጤማውያንን ድምፅ እንዳዳከመ ሁለቱም ወገኖች ይጠቅሳሉ።

ከኦክቶበር 7 በኋላ

በኦክቶበር 7፣ 2023 ሐማስ የመራው ጥቃት 1,200 ገደማ ሰዎችን ገደለ፤ 251 ሰዎች ታገቱ። በተከተለው ጦርነት ጋዛ ፈራረሰች፤ የጋዛ ጤና ሚኒስቴር የሟቾቹን ቁጥር ከ60,000 በላይ ያደርሰዋል። ምዕራባውያን በመጀመሪያ ከእስራኤል ጎን ቆሙ፤ ከዚያ ግን አንድነታቸው እየሳሳ ሄደ። ብሪታንያ በሴፕቴምበር 2024 ከ350 ገደማ የጦር መሣሪያ ፈቃዶች 30 የሚሆኑትን አገደች። ጀርመን እንኳ በኦገስት 2025 በጋዛ ሊውል የሚችል መሣሪያ መላክ ለወራት አቆመች። በአሜሪካ ሴኔት በጁላይ 2025 ከዴሞክራቶቹ ወገን 27 ሴናተሮች የመሣሪያ ሽያጭ እንዲታገድ ድምፅ ሰጡ፤ ሐሳቡ ቢወድቅም እንዲህ ያለ ቁጥር ቀድሞ አልታየም።

በኖቬምበር 2024 ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በጋዛ ጦርነት ጉዳይ በእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ቤንያሚን ኔታንያሁና በቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ዮአቭ ጋላንት፣ እንዲሁም በሐማሱ የጦር አዛዥ መሐመድ ዴይፍ ላይ የእስር ማዘዣ አወጣ። ከማዘዣው በፊት ዐቃቤ ሕጉን ካማከሩት የሕግ ሊቃውንት አንዱ፣ በ1967 ያንን ማስታወሻ የጻፉት ቴዎዶር ሜሮን ናቸው። ዋሽንግተን ማዘዣውን አወገዘች፤ በርካታ የአውሮፓ አገሮች እናከብራለን አሉ፤ ሌሎቹ አመነቱ። የአንድ ፍርድ ቤት አባላት የሆኑ ወዳጆች እንኳ በአንድ ወረቀት መስማማት አቃታቸው።

የ2025ቱ የዕውቅና ማዕበል የመጣው በዚህ መከፋፈል መካከል ነው። ተቺዎች ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው ይላሉ፤ ዕውቅናው ድንበር አያሰምርም፣ ኬላ አያስነሣም፣ የኢ-1ን ግንባታ አያስቆምም። ደጋፊዎች ደግሞ ዕውቅና ከድርድር በኋላ የሚሰጥ ሽልማት መሆኑ ቀርቶ የድርድር መነሻ መሆኑ ራሱ ለውጥ ነው ሲሉ ይመልሳሉ።

የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚታየው ከመግለጫው ይልቅ ቀን በተቆረጠላቸው ውሎች ላይ ነው። የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ስምምነት በ2028 ያበቃል፤ ተተኪው ቅድመ ሁኔታ ይኑረው አይኑረው የሚለው ድርድር ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ብራስልስም የንግድ ጥቅሙን ታግድ ወይስ ትተው በሚለው ላይ ተከፋፍላለች። ቡሽ በ1991 በጀመሩት ፍጥጫ ያሳዩት የሰፈራን ወጪ ከወዳጅነት ሒሳብ ላይ መቀነስ እንደሚቻል ነው። ያ ዓይነቱ ጫና በዚያው ጽናት ቢቀጥል ኖሮ ውጤቱ ምን ይሆን እንደነበር አልተፈተነም። የሚቀጥለውን ውል የሚፈርመው ማንም ይሁን ማን፣ ስለ ሰፈራ ያለውን ትክክለኛ አቋም የምናውቀው ከውሉ አንቀጾች ነው።