የሞንትሪያሉ በረኛ

እ.ኤ.አ. በጥር 1937 በካናዳዋ ሞንትሪያል ከተማ አንድ ሚሊዮን ገደማ የሚገመት ሕዝብ ብርዱን ችሎ የአንድ አዛውንት አስከሬን ለመሰናበት ተሰለፈ። ሟቹ የ91 ዓመት ሰው ሲሆኑ ጳጳስ ወይም የፖለቲካ ሰው አልነበሩም። ከዕድሜያቸው አርባ ዓመት ያህሉ ያለፈው በአንድ የወንዶች ትምህርት ቤት በር ላይ ነው።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1845 በኩቤክ ገጠር ሲሆን ስማቸው አልፍሬድ ቤሴት ይባል ነበር። አባታቸው ግንድ ሲቆርጡ ዛፍ ወድቆባቸው ሞቱ፤ እናታቸውም ብዙ ሳይቆዩ በሳንባ ነቀርሳ አረፉ። ገና በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ወላጅ አልባ ሆኑ። ቀለም አልቆጠሩም፤ ጨጓራቸው ታማሚ ስለነበር ዕድሜ ልካቸውን በቀላል ምግብ ነው የኖሩት። የጫማ ሥራን ጨምሮ ብዙ ሙያ ሞከሩ፤ አሜሪካ ተሻግረውም በፋብሪካ ሠሩ፤ አንዱም አልሰመረላቸውም።

የመንደራቸው ቄስ እ.ኤ.አ. በ1870 ቅዱስ መስቀል ወደሚባለው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ሲልኳቸው፣ ቅዱስ ሰው እየላክሁላችሁ ነው የሚል ደብዳቤ ጽፈው ነበር ይባላል። ማኅበሩ ግን በጤናቸው ምክንያት ሊያሰናብታቸው ተቃርቦ ነበር፤ ያስቀራቸው የሞንትሪያሉ ጳጳስ ምልጃ ነው። ወንድም አንድሬ ተብለው በማኅበሩ የወንዶች ትምህርት ቤት በኖትር ዳም ኮሌጅ በረኛ ሆኑ። በር ይከፍታሉ፣ ፖስታ ያመላልሳሉ፣ ወለል ይወለውላሉ፣ የተማሪዎችን ፀጉር ይቆርጣሉ። ኮሌጁ ስገባ በሩን አሳዩኝ፣ እኔም አርባ ዓመት ቆየሁበት እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በር ላይ የቆመ ሰው የሁሉንም ችግር ይሰማል። የታመመ ልጅ የያዘች እናትም፣ እጁ የተሰበረ ሠራተኛም ሲመጡ በቅዱስ ዮሴፍ ምስል ፊት ከሚበራው መብራት ዘይት ይሰጧቸዋል፤ ተቀቡት፣ ጸልዩም ይሏቸዋል። ዳንን የሚሉ ሰዎች ወሬ ከተማውን አዳረሰ፤ የሕሙማኑም ቁጥር በየቀኑ ጨመረ።

ይህ ሁሉን አላስደሰተም። የተማሪ ወላጆች ልጆቻችን በሽታ ይይዛቸዋል ብለው አጉረመረሙ፤ የኮሌጁ ሐኪምም አጥብቆ ተቃወመ። የተገኘው መፍትሔ የሚያስቅ ነው፤ በረኛው ሕሙማኑን ከኮሌጁ ፊት ለፊት ባለው የትራም ማረፊያ እንዲያነጋግሩ ተደረገ።

ሰዎች ተአምረኛ ሲሏቸው ግን አይታገሡም። የሚፈውሰው እግዚአብሔር ነው፣ የሚያማልደው ቅዱስ ዮሴፍ ነው ይላሉ። በዚህ ጉዳይ ሲቆጡ ድምፃቸው ይሻክር ነበር፤ ቆጣ ካሉ በኋላ ግን ይጸጸቱ ነበር። ለብዙ የቅዱሳን ታሪክ ጸሐፊዎች ቁጣቸው አይመችም ይሆናል። ለዚህ ጽሑፍ ግን ሰውየውን ከሐውልትነት ያወጣቸው ይኸው ቁጣቸው ነው።

ከኮሌጁ ፊት ለፊት ባለው የሞን ሮያል ተራራ ላይ ለቅዱስ ዮሴፍ ጸሎት ቤት የመሥራት ሐሳብ ነበራቸው። ማኅበሩ መሬቱን እ.ኤ.አ. በ1896 ገዛ። ለመነሻ የሆነው የተማሪዎችን ፀጉር በመቁረጥ በአምስት አምስት ሳንቲም የተጠራቀመ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ጠባቧ የእንጨት ጸሎት ቤት ተከፈተች፤ ሕዝቡ በዝቶ በሯን ከፍቶ ከውጭ ይቆም ነበር። ከዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1924 ትልቁ ባዚሊካ ተጀመረ፤ ይሁን እንጂ የዘመኑ ታላቅ የኢኮኖሚ ቀውስ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1931 አስቆመው። ግድግዳው ያለ ጣሪያ ሲቀር ሽማግሌው የቅዱስ ዮሴፍን ሐውልት መሀሉ አስገቡት፣ ጣሪያ ከፈለገ ራሱ ያስሠራዋል አሉ። ሕንፃው ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ እሳቸው አላዩትም። በእርጅናቸው ዘመን በዓመት እስከ 80,000 ደብዳቤ ይደርሳቸው እንደ ነበር ይነገራል፤ ራሳቸው መጻፍ ስለማይሆንላቸው መልሱን የሚጽፉት ጸሐፊዎች ነበሩ።

ከሞቱ በኋላም ዝና አልለቀቃቸውም። በባዚሊካው የተቀመጠው ልባቸው እ.ኤ.አ. በ1973 ተሰረቀ፤ ሌቦቹ 50,000 ዶላር መጠየቃቸው ተዘገበ። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ በሞንትሪያል አንድ አፓርትመንት ምድር ቤት ውስጥ ተገኝቶ ተመለሰ። የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክት 16ኛ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 17 ቀን 2010 ቅዱስ ብለው አውጀዋቸዋል። ዛሬ ወደ ባዚሊካው ከሚያወጡት 283 ደረጃዎች 99ኙ በጉልበታቸው እየተንፏቀቁ ለሚወጡ ምዕመናን የተተዉ ናቸው፤ ከውስጥ ደግሞ ዳንን ያሉ ሰዎች የተዉአቸው ክራንቾች ግድግዳ ላይ ተደርድረዋል።