የእናት ጉሊትና የልጅ ደብተር

በየሰፈሩ ሌሊት ተነሥታ እንጀራ የምትጋግር፣ በጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም የምትቸረችር ወይም በደጇ ጀበና ጥዳ ቡና የምትሸጥ እናት አትጠፋም። ምናልባትም ያቺ እናት እርስዎ ራስዎ ይሆናሉ። «ዛሬ ስንት አተረፉ?» ተብለው ቢጠየቁ ግን መልስዎ «ተመስገን ነው፣ እያደርን ነው» ከማለት ላያልፍ ይችላል። ውሎ ማደር አንድ ነገር ነው፤ ማትረፍ ደግሞ ሌላ ነው። ይህን ልዩነት ለይቶ ለማወቅ የኮሌጅ ተማሪ ብዙ ሊረዳ ይችላል።

ተማሪ ከክፍሉ ወጥቶ ወደ ኅብረተሰቡ መሄዱ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን እያደረገ በየጤና ጣቢያው ያሠለጥን ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ብዙ ሺህ ተማሪዎችና አስተማሪዎች ወደ ገጠር ዘምተዋል። በጅማ ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት የተጀመረው በጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ነው። ኢንስቲትዩቱ በ1992 ዓ.ም. ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ይኸው አሠራር ለሌሎችም የትምህርት ዘርፎች ተርፏል። እንግዲህ የጤና ተማሪ ጉድጓድና ምንጭ ለማየት መንደር ከወረደ፣ የሒሳብ አያያዝ ተማሪስ ስለ ምን ወደ ጉሊት አይወርድም?

ጥቅሙን በምሳሌ እንየው። ዋጋው ለስሌት እንዲመች የተወሰደ ነው። አንዲት እናት 100 እንጀራ ጋግራ አንዱን በ25 ብር ትሸጣለች እንበል። ለጤፍና ለወፍጮ 1,900 ብር፣ ለመብራትና ለትራንስፖርት 250 ብር ታወጣለች። 2,500 ብር ገብቶ 2,150 ብር ከወጣ፣ 350 ብር አተረፍኩ ትላለች። ነገር ግን 6 እንጀራ ተቀዶ ወይም ሳይሸጥ ቀርቷል፤ 4 ደግሞ ልጆች በልተውታል። በእጇ የገባው 2,250 ብር ብቻ ነው፤ ስለዚህ የቀራት 100 ብር ይሆናል። ምጣዱ ሲሰበር መተኪያ ይሆን ዘንድ 40 ብር ብታስቀምጥ 60 ብር ይተርፋል። ሌሊት የተነሣችበት ጉልበቷ ገና አልታሰበም!

ተማሪዋ ወይም ተማሪው ከዚህች እናት ጎን ተቀምጦ ለጥቂት ቀናት ቢመዘግብ የጎደለው የት እንደ ገባ ይታወቃል። ልጆች የበሉት የ100 ብር እንጀራ ኪሳራ አይደለም፤ የቤት ወጪ ነው። የቤትና የንግድ ገንዘብ በአንድ መቀነት ሲታሰር ግን ሥራው ከሰረ ወይስ ቤቱ በላው የሚለው አይለይም። መጻፍ የማትችል እናት ሦስት ቆርቆሮ ብታዘጋጅ ይበቃታል፦ አንዱ ለነገ ጤፍ መግዣ፣ አንዱ ለምጣድና ለዕቃ መተኪያ፣ አንዱ ለቤት። የዕቁቡም መዋጮ ከጤፉ መግዣ መነካት የለበትም።

ተማሪውም የሚማረው አለ። መጽሐፉ «ዱቤ አትስጡ» ቢለው፣ በዱቤ የምትወስደው ጎረቤት በሕመምና በሐዘን ጊዜ ቀድማ የምትደርሰው መሆኗን የሚያውቀው እዚያው ተቀምጦ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ዱቤን መከልከል ሳይሆን ልክ ማበጀትና በየቀኑ መጻፍ መሆኑን አብረው ይደርሱበታል።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ይጠይቁናል፣ ይጽፋሉ፣ ይሄዳሉ፤ ተመልሶ የመጣ የለም» የሚለው የእናቶች ቅሬታ ትክክለኛ ነው። ተማሪ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ከትምህርት ቤቱ የተሰጠውን ደብዳቤ ይጠይቁት። ያገኘውንም ውጤት መጥቶ እንዲነግርዎ ቃል ያስገቡት። ደብተሩ ከእርስዎ ዘንድ ይቅር፤ ተማሪው ሲመረቅ ሒሳቡ አብሮት መሄድ የለበትምና። መምህራንም ማርክ መስጠት ያለባቸው ተማሪው ለጻፈው ወረቀት ብቻ ሳይሆን፣ እናቲቱ እሱ ከሄደ በኋላም ሒሳቧን መያዝ በመቻሏ ጭምር ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር እንጨምር። ኮሌጅ የገባ ልጅ በቤትዎ ካለ ሌላ ተማሪ እስኪመጣ መጠበቅ አያሻም። በጉሊቱ ገንዘብ ደብተርና እስክሪብቶ የተገዛላት ልጅ በእናቷ ጉሊት በኩል ስታልፍ አንገቷን ማቀርቀር የለባትም። እሑድ ከሰዓት በኋላ አጠገብዎ ያስቀምጧትና «ነይ ልጄ፣ የተማርሽውን እስቲ በእኔ ሽንኩርት አስልተሽ አሳዪኝ» ይበሏት። ያን ዕለት ልጅቱ እናቷ በስንት ብር ትርፍ እንዳስተማረቻት ትረዳለች፤ እርስዎም ልፋትዎ ምን ያህል እንደሚያወጣ በቁጥር ያውቃሉ።