የበርክ አፍንጫ፣ የጎድዊን አህያ፦ በፌዝ ሥዕል የተሣቀባቸው አሳቢዎች



በግድግዳው ላይ የምትመለከቱት የፌዝ ሥዕል እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1790 በለንደን የታተመ ነው። ሠዓሊው ጄምስ ጊልሬይ ይባላል። ሌሊት በጠረጴዛው ላይ ሲጽፍ የነበረ አዛውንት በድንጋጤ ወደ ኋላው ዞሯል፤ ከጢስ መካከል መነጽር ያጠለቀ ግዙፍ አፍንጫ ብቅ ብሎ፣ በአንድ እጁ ዘውድ በሌላው መስቀል ይዞ፣ ያሸትተዋል። ጸሐፊው ሪቻርድ ፕራይስ ነው፤ አፍንጫው ደግሞ የኤድመንድ በርክ።

የነገሩ መነሻ አጭር ነው። ፕራይስ በኖቬምበር 1789 ባሰማው ስብከት የፈረንሳይን አብዮት አወደሰ፤ በርክ በዓመቱ አብዮቱን የሚያወግዝ መጽሐፍ አወጣ፤ ሥዕሉ ከአንድ ወር በኋላ ተከተለ። በፕራይስ ክፍል ግድግዳ ላይ የንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ አንገት ሲቀላ የሚያሳይ ምስል ተሰቅሏል። የሚጽፈው ወረቀት ሥርዓት አልባነትን፣ ንጉሥ መግደልንና ክህደትን ያወድሳል። እውነተኛው ፕራይስ ግን የእግዚአብሔርን ቃል የሚሰብክ ሰው ነበር፤ ለሕይወት መድን የሚያገለግሉ የሞት መጠን ሠንጠረዦችን ያሰላ የሒሳብ ሊቅም ነበር። የሥዕሉ ርዕስ የፕራይስን «የእኩለ ሌሊት ስሌት» ማንሣቱ ይህንኑ ሙያ ሤራ ለማስመሰል ይመስለኛል። ጊልሬይ ከሰውየው ኑሮ አንዲት እውነት ይወስድና ያጣምማታል።

በመዳብ ሰሌዳ ላይ በአሲድ ተቀርጸው በእጅ ቀለም የሚቀቡት እነዚህ ሕትመቶች በሱቅ መስኮት ይሰቀሉ ስለ ነበር፣ መግዣ ያጣ መንገደኛም ቆሞ ይስቅባቸው ነበር። በርክም ከፌዙ አላመለጠም፤ ዝነኛው ተናጋሪ አፍንጫ ሆኖ ቀርቷል። ያን ጊዜ ጊልሬይ ለማንም የሚያደላ አይመስልም። ከ1797 ጀምሮ ግን መንግሥት በምስጢር በዓመት 200 ፓውንድ አበል ቈረጠለት። በ1798 «አዲሱ ሥነ ምግባር» በተሰኘው ሕትመቱ ፈላስፋው ዊልያም ጎድዊን የራሱን መጽሐፍ የሚያነብ አህያ ሆኖ ተሣለ፤ ቶማስ ፔይን ደግሞ ኮርሴት የለበሰ አዞ። ፔይን በወጣትነቱ ኮርሴት ሰፊ ነበርና አሁንም አንዲት እውነት ተጣምማለች። ሥዕሉ ዛሬም ያስቃል፤ እኔንም ያስቀኛል። ይሁንና ፔይን «የሰው መብቶች» ስለተባለው መጽሐፉ በ1792 በሌለበት ተከስሶ ተፈርዶበታል። ልደታ ላይ ሆነን ስለ ፍርድ ቤት ብዙ ማብራራት አያሻንም፤ ፌዘኛው አበል፣ ደራሲው ክስ እንደ ደረሰው ልብ ማለት ይበቃል።

በእኛ አገር እንስሳቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። በሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘ ተውኔት ጽፈው አዲስ አበባ ላይ አሳዩ። ሥራው ከላፎንቴን ተረቶች ተነሥቶ፣ በአውሬዎች አንደበት የጊዜውን አስተዳደር ብልሹነት ይተቻል። እዚህ አውሬ የሆነው ሹሙ ነው፤ የሚያሥቀው ለውጥ ፈላጊው ነው። ተውኔቱ ታገደ። ይህን ልዩነት በባህል ብቻ መተርጐም አልወድም፤ ፔይንን የከሰሰችው ለንደን ናትና። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ከዓመታት በኋላ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የአገሪቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው።